«አየር ነው» ያልኩት ነጥብ

ይድረስ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እናታችንስ እንቅልፍ ይወስዳታል? ልጆቹንስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ስለ ልቤ አትጠይቂኝ ብልሽም እንደማትተዪኝ ስለማውቅ እነግርሻለሁ።

ወደቡ ላይ ራዳር እንደምከታተል ታውቂያለሽ። መሣሪያው የሚልከው ሞገድ ባሕሩ ላይ ያለውን ነገር መትቶ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ይበራል። ሙቀት ሲበረታ ግን አየሩ ይታመሳል። ከእሳት ማዶ የቆመ ሰው ሲርገበገብ አይተሽ የለ? ሞገዱም ሲሄድም ሲመለስም እንደዚያ ይናወጣል፤ ነጥቡ ይደምቃል፣ ይፈዛል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ፈቀቅ ብሎ ይመጣል። ባዶ አየርም አንዳንዴ ነጥብ ይሠራል። ስለዚህ ሕጋችን አንድ ነው፦ መሣሪያው ባሕሩን ሲዞር አሥር ዙር ቁጠር። እዚያው አካባቢ ደጋግሞ ከመጣ አካል ነው፤ ካልመጣ «አየር ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ማክሰኞ ቀትር ላይ አንዲት ነጥብ ብልጭ ድርግም አለችብኝ። አራት ዙር ቆጠርኩ፤ ሁለቴ መጣች፣ ሁለቴ ጠፋች። ምሳዬ እየቀዘቀዘ ነበር። «አየር ነው» አልኩና ወደ ወደቡ ይገባ ለነበረ የጭነት መርከብ መንገዱ ክፍት ነው ብዬ ነገርኩት። እታለም፣ ነጥቧ የእንጨት ጀልባ ነበረች፤ መርከቡ ገጫት። ውስጧ የነበረውን ዓሣ አስጋሪ ውሃ በላው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትይኝ ነበር። እኔ ያፈሰስኩት አይለቀምም።

ሚስቱ ትናንት ቢሯችን መጣች። ያደረገችው የወንድ ጫማ ነው፤ ይሰፋታል። «አላያችሁትም?» ብላ ጠየቀችን። አለቃዬ አየሩ ሸፍኖት ነበር፣ ማንም አላየውም አላት። እኔ ከጎኑ ቆሜ ጫማዋን ጫማዋን አያለሁ። እግዜር ይስጣችሁ ብላን ሄደች። ምርቃቷ አንጀቴን ቆረጠው።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። ነገ መርማሪዎች ሲመጡ እንደዚያው በል፣ አየር አይከሰስም አለኝ። እኔ ግን አይቻት ነበር፤ የቀሩኝን ስድስት ዙር ነው ያልቆጠርኩት። ነገ ይህንኑ እናገራለሁ። ሊያስሩኝ ይችላሉ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቁን ልጅሽን በርታ በዪው፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ስልኬ አልሠራ ሲላት ልጄ ምን ሆኖ ነው ማለቷ አይቀርም። ኔትወርክ ነው አትበያት። እውነቱን ንገሪያት።

ችኩሉ ወንድምሽ
ከወደቡ ጀርባ፣ ከኪራይ ክፍሌ
ሐሙስ፣ መጋቢት 14 ቀን