ስማቸው በጠርሙስ የተሸጠባቸው የመምህር እንዳላማው ቢያዝን የሕይወት ታሪክ

መምህር እንዳላማው ቢያዝን ከአባታቸው ከአቶ ቢያዝን አምሳሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ የብርጓል አበባው መጋቢት 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ይጁቤ አቅራቢያ ተወለዱ። እናታቸውን ቁርጥማት ጣታቸውን ያሳብጣቸው ስለነበር ዳማ ከሴ ወቅጠው በጨርቅ ያስሩበት ነበር። እንዳላማው በልጅነታቸው «እማዬ፣ የሚያሽልሽ ቅጠሉ ነው ወይስ እጅሽ ታስሮ ማረፉ?» ብለው ጠየቁ። «እሱን አንተ ተምረህ ንገረኝ» አሏቸው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በይጁቤ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በደብረ ማርቆስ አጠናቀው በኬሚስትሪ ተመረቁ። በደብረ ኤልያስ አሥራ አራት ዓመት አስተምረዋል። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ የዓለምዘርፍ ባዘዘው ጋር በተክሊል ተጋብተው ሕሊናንና አብይን አፍርተዋል። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ደብረ ማርቆስ በተመራማሪነት ሲመደቡ እናታቸው መልሱን ሳይሰሙ አርፈው ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ከዳማ ከሴ ቅጠል ፍላቮኖይድ የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ለይተው አወጡ። እግራቸው እንዲያብጥና እንዲቆጣ ለተደረጉ አይጦች ሲሰጧቸው እብጠቱ ቀነሰ። የዚያን ዕለት ቤት የገቡት እየዘፈኑ ነበር። ጽሑፋቸውን የዘጉት ግን እንዲህ ብለው ነው፦ «ይህ በአይጥ ላይ የታየ ነው፤ በሰው እስኪመረመር ድረስ መድኃኒት ሊባል አይገባም።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ለዘብ አድርገን እንድንጽፈው ተመክረን ነበር። አልቻልንም።

አንድ ነጋዴ ያቺን የመጨረሻ ቃል ቆርጦ ጥሎ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ውኃ በጠርሙስ ሞላ። የመምህሩን ፎቶ ለጠፈበት። «እብጠትን ሁሉ ያጠፋል፤ በመምህር እንዳላማው ተመስክሮለታል» ብሎ ጻፈበት። በ2013 ዓ.ም. መምህሩ ለፋሲካ መርጡለ ማርያም ይኖሩ ወደ ነበሩት ታናሽ እህታቸው ወደ ወይዘሮ አይናዲስ ሲሄዱ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው አገኟቸው። ወይዘሮ አይናዲስ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ።

«አይናዲስ፣ ክኒንሽስ?»

«ጣልሁታ! ወንድሜ የሠራው እያለ የባዳ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» ብለው ጠርሙሱን ከመደርደሪያ አወረዱ። መምህሩ የገዛ ፎቷቸውን አዩ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት አደረሷቸው፤ በስድስተኛው ቀን አረፉ። እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። የአይናዲስ እግር ያበጠው ከልባቸው ድካም ነበር፤ ይህንንም የሚያውቅ ሐኪም ክኒን አዝዞላቸው ነበር።

መምህር እንዳላማው ወደ ቢሮዎች ሄዱ። «በጽሑፍ ያመልክቱ» ተባሉ፤ አመለከቱ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባሉ። ያ ስብሰባ ሦስት ዓመት ፈጀ። ቢቸግራቸው በይጁቤ ገበያ ከሻጩ ጎን ቆመው «ፎቶው የኔ ነው፤ መድኃኒቱ የኔ አይደለም! ክኒናችሁን አትጣሉ!» እያሉ ጮኹ። ክፍል ውስጥ ድምፃቸው ከኋላ ወንበር የማይሰማው ሰው ናቸው እንዲህ የጮኹት። ያደጉበት አገር ሰው ምን አላቸው? «ተማርሁ ብሎ የእናቱን ቅጠል ናቀ!» እሳቸውም «እናቴ ቅጠሏን ጣቷ ላይ አሰረች እንጂ ልብ ያድናል ብላ አልሸጠችም» ብለው መለሱ። የሰማቸው ጥቂት ነው። ከእኛ ከዘመዶቻቸው መካከል እንኳ «ይተውት፣ ስምዎን ያጠፋሉ» ያልናቸው አለን፤ እናፍርበታለን።

በ2016 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር አልጋ ላይ ጣላቸው። የቀድሞ ተማሪያቸው እየሩስ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ያንኑ ጠርሙስ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይጠጡት፤ የእርስዎ እኮ ነው።»

እሳቸው ግን አልተቆጧትም። «ይህን ከቤት ማን ይጠጣዋል?» አሏት።

«አባቴ። ልቡን ያመዋል።»

«ክኒኑን ትቷል?»

አንገቷን ደፋች። መምህሩ ነርስ የሆነችውን ልጃቸውን ሕሊናን ጠርተው «እኔን ተይኝና ከእሷ ጋር ሂጂ፤ አሁኑኑ!» አሏት። ሕሊና አባትዮውን ተጋድመው አገኘቻቸውና ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። እኚህ አባት ዛሬ ከመምህሩ አስከሬን ሳጥን አጠገብ ቆመው እያለቀሱ ነው። ነጋዴውም የመምህሩን ፎቶ አንሥቶ የሌላ ሰው ለጥፏል፤ ዛሬም ይሸጣል።

መምህር እንዳላማው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ ልጆቻቸው ሕሊናና አብይ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና ብዙ ተማሪዎች ቀርተዋል።

ቸሩ አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍ። እኛ ለቀስተኞች ደግሞ ከመቃብር ስንመለስ፣ እጃችንን ታጥበን ንፍሮ ከመቅመሳችን በፊት፣ ወደየቤታችን መደርደሪያ እንይ።