አባባ ስለ ባሕሩ ሲጠይቀኝ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለባርኮት። በሰው አገር፣ በዚያ ብርድ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ እዚህ ላንቴም ሙዛችን ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ማሽናችሁ ከሥር እየዞረ መብራት የሚያመነጭበትን ቪዲዮ አባባ አይቶ አይጠግብም። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አሳየው። ድርጅታችሁ ስምንት ሰው ብቻ እንዳለው ስነግረው እንኳ ኩራቱ ባሰበት። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁ። በመስኖው ቦይ ላይ የመጀመሪያዋን መብራት አመንጪ መዘውር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አምፖሏን ብቻ ነበር የያዝከው። ዛሬም የሦስት ጎረቤት ስልክ ትሞላለች። አባባ ግን አንድ ቀን ወርዶ አላያትም።

ማክሰኞ አባባ ሙዝ ይዞ እዚሁ አጠገባችን ወዳለው ጫኖ ወጣ። ጎረቤታችን ጋሽ ዳልጮ ጫኖን አልፎ አርባ ምንጭ መናኸሪያ ቆሞ አግኝተውት ይዘውት መጡ። «መንገዱን ቀይረውታል» አለ አባባ። እኛም «አዎ» አልነው።

ትናንት ምሳ ሳቀርብለት እጄን ያዘና፣ «ባርኮት፣ መቼ መጣህ?» አለኝ። በንዴት «እኔ ዕድላዊት ነኝ!» ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊቱ ግን ለእኔ እንዲያ በርቶ አያውቅም።

«ዛሬ ጠዋት» አልኩት።

«ባሕሩስ?» አለኝ። ከቪዲዮው ያየሁትን ሁሉ ተረኩለት፤ ምሳውንም አንድ ሳያስቀር በላ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። ለገና ከምትመጣ፣ ከቻልክ ቀደም በል። ስለ ባሕሩ የማውቀው እያለቀብኝ ነው።

ጌታ በደህና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ዕድላዊት