ባዮጋዙን ምን ገደለው?

ኅዳር 3፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ምድጃው ዛሬም አልነድም አለ። ሦስተኛ ቀን። ብልጭ ብሎ ድርግም። እበቱ በየጠዋቱ ተበጥብጦ ባዮጋዙ ጉድጓድ ይገባል፤ የሽንት ቤቱም ፍሳሽ እዚያው ነው። ታዲያ ጋዙ የት ሄደ? ጉድጓዱን የሠራው ግንበኛ መጥቶ ብርድ ነው አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ነው እንዴ የጀመረው? አባረርኩት።

በዚያ ላይ ቦራዋ ላሜ ጡቷ አብጦ መርፌ ላይ ናት። ወተቷ አይጠጣ፣ አይሸጥ ተብሏል። ሌላው ከደኅናው ቀላቅሎ ይሸጣል። እኔ ጠብታ አላስነካም። ጠዋትና ማታ ጉድጓዱ ውስጥ አስደፋለሁ።

ኅዳር 4፣ ከቀኑ 6 ሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ደሜ ፈልቷል። ጥፋቱ የከድጃ ነው። እበት የምትበጠብጥልኝ፣ ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ የምትኖረው። አንድ ባልዲ እበት፣ አንድ ባልዲ ውኃ ብያት ነበር። ውኃ አብዝታለች። ወላሂ እማማ፣ በልኩ ነው ብላ ማለች። ጭራሽ፣ ወተቱ መደፋት ከጀመረ ወዲህ ጉድጓዱ መፍላት ትቷል አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩትን እኔን ልታስተምር! ከመጠለያው አብረዋት የመጡት ሴቶች እየሰሙ ሰነፍ አልኳት። ነገ እንዳትመጪ አልኳት። ባልዲውን አጥባ፣ ደፍታው ሄደች። ልጆቿ የሚያድሩት በዚህ ሥራ ነው። ቢሆንም!

ኅዳር 6
ራሴ በጠበጥኩ። በልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። እሳት የለም።

ኅዳር 7፣ 10 ሰዓት
የከብት ሐኪሙ መጣ። ወተቱን ስደፋ አይቶ ሳቀ። እትዬ፣ ጉድጓዱንም መርፌ ወጉት እኮ! አለኝ። አንቲባዮቲኩ በወተቱም በእበቱም ይወጣል። በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ከጋዝ ሠሪው አይለይም። ያገኘውን ይገድላል። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። አይጠጣ አልኩ፣ ጉድጓድ ይጠጣል ብዬ መች አሰብኩ? አለ።

ጋዝ የሚሠሩት አየር የማይፈልጉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት! ያላስተዋለ ተማሪ አንበረክክ ነበር። እኔን ማን ያንበርክከኝ?

የታመመችው ላም እበትም ወተትም ለብቻ ይቀበራል። ጉድጓዱ እስኪያገግም ሳምንታት።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት
መጠለያው ሄድኩ። ከድጃ ልብስ ታጥባለች። ሴቶቹ ባሉበት ተናገርኩ፦ አንቺ ልክ ነበርሽ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቀና ሳትል፣ ወተቱ ቆሟል? አለችኝ። ቆሟል። እንግዲያው እመጣለሁ፣ ግን እርስዎ ከራሴ በላይ አይቁሙብኝ አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ቱግ አልኩ። ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥኩት።

እሺ ብያለሁ። ነገ ጠዋት እሷ ስትበጠብጥ ቤት እቀመጣለሁ። መስኮቱንም እዘጋለሁ።