ብቻዬን ስለተዋቀርኩበት ስምንተኛ ቡድን

ጎንደር፣ የካቲት 20

ይድረስ ለተከበሩ ርዕሰ መምህራችን ለአቶ አንዳርጋቸው፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎና የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ቶሎ የሚቆጣው ጨጓራዎ፣ እንደምን ሰንብቷል ስል በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎ ሰርካለም ይበልጣል፣ ከእንፍራንዝ በኩል የመጣች የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለሌላው አንባቢ ነው፤ እርስዎማ አንድም ቀን ረስተውልኝ አያውቁም።

አንደኛ፣ የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድን ሲዋቀር ሦስት እናቶች ቢሮዎ መጥተው «ልጆቻችን ከቡዳ ልጅ ጋር አይቀመጡም፤ ዓይኗ ካረፈባቸው ይታመማሉ» ሲሉ በትዕግሥት አዳምጠው፣ «ለሰላም ሲባል» ብለው ስምንተኛ ቡድን የሚባል ስላቋቋሙልኝ አመሰግናለሁ። መሪው እኔ ነኝ፤ አባላቱም እኔው ነኝ። እስካሁን አንድም ጠብ አልተነሣም።

ሁለተኛ፣ ከመቶ ሃያ የሚያዝለት የቡድን ሥራ የስድስት ተማሪ ፊርማ ያስፈልገዋል የሚለውን ደንብ በጥብቅ ስላስከበሩ አደንቃለሁ። የእኔ ወረቀት አንድ ፊርማ ብቻ ስላለው በየትምህርቱ ዜሮ ተሰጥቶኝ፣ ሦስት ዓመት አንደኛ የወጣሁት ልጅ በአንድ መንፈቅ ሃያ ሦስተኛ ሆኛለሁ። የክፍል ኃላፊያችን መምህር ዓለምነው «ምነው ሰርኬ፣ ሰነፍሽሳ?» ቢሉኝ ወረቀቱን አሳየኋቸው። አንገታቸውን ደፉ፤ ሌላ ነገር ግን አላደረጉም።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም። ለነፃ የትምህርት ዕድል የሚላኩት የሦስት ተማሪዎች ስም ማክሰኞ ከቢሮዎ ይወጣል። ከዚያ በፊት ሃያውን ነጥብ በሠራሁት ልክ ያስቡልኝ። ይህ ካልሆነ፣ ዜሮ ያገኘሁት ዓይኔ ስለሚፈራ መሆኑን ማኅተም ባለው ወረቀት ይስጡኝ፤ በቃል የነገሩኝን መጻፍ የሚከብድዎ አይመስለኝም። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጎን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ እለጥፈዋለሁ።

እናቴ «ተይው ልጄ፣ ጭቃው አለልሽ» ትላለች። ያሳደገኝን ጭቃ አልንቀውም። ግን ወደ እሱ የምመለሰው እኔ ስመርጥ እንጂ እርስዎ ሲመልሱኝ አይደለም።

በስድስት ሰው ፋንታ ብቻዬን ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ የምነሳዎ፣

ሰርካለም ይበልጣል
የስምንተኛው ቡድን መሪ፣ ጸሐፊና ጠቅላላ አባል

ማሳሰቢያ፦ ልጅዎ ፊልጶስ የሒሳብ ደብተሬን ከግቢ ውጭ ጠብቆ ከተዋሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ፈተናው ስለደረሰ ገልብጦ ሲጨርስ እንዲመልስልኝ ይንገሩልኝ። ታመመ ሲባል አልሰማሁም፤ እንዲያውም ውጤቱ ተሻሽሏል።