የእህታችን የመቀስ ሕይወትና የኋላው በር

እህታችን ከአባታቸው ከልብስ ሰፊውና ከእናታቸው ከስልክ አገናኟ ጥር 23 ቀን 1949 ዓ.ም. ከአባታችን ሱቅ በላይ በነበረው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔ፣ ታናሽ ወንድማቸው፣ ተከተልኳቸው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ከማረፋቸው ከሦስት ሳምንት በፊት የዚህን ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላቸው። ስድስት ገጽ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ረዝሟል» አሉኝ። ከዚያ እርሳስ አስመጡ። የልደት ቀኑ፣ አራቱ ሽልማቶች፣ የአለቆች የምስጋና ደብዳቤ ሁሉ ተሰረዘ። «ሰው የሚመጣው ሊቀብረኝ እንጂ ሊቀጥረኝ አይደለም» አሉ። የልደት ቀኑን በገዛ ሥልጣኔ መልሻለሁ፤ ታላቄ ቢሆኑም ዛሬ ሊቆጡኝ አይችሉም። ሽልማቶቹ ግን እንደተሰረዙ ቀርተዋል። በምትካቸው እንዲገባ ያዘዙኝ ከዚህ በታች ያለው ነው፤ ተቆጥቼ ብጽፈው አይፈረድብኝም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤቶች ተከታትለው በ1967 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በቀጣዩ ዓመት በዜና ፊልም ክፍል የተበጠሰ ፊልም በመቀጠል ሥራ ተቀጠሩ። ቀኑን ሙሉ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ መቀሳቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውሉ ነበርና ባልደረቦቻቸው «መቀስ» አሏቸው። ስሙ ከልደት ስማቸው በልጦ ቀረ። ቤት ሳይቀር እናታችን «መቀስ መጣች፤ ጸጉራችሁን ሰብስቡ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1975 ዓ.ም. በዚያው መሥሪያ ቤት ከሚሠሩ የድምፅ ባለሙያ ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው የሰው ንግግር ሲቀዱ ኖረው ለራሳቸው ንግግር ጊዜ ያላገኙ ሰው ናቸው። ለጋብቻ የጠየቋቸው በሦስት ቃል ነው ይባላል። እህታችን ይህን ሲያወሩ «ሁለትም ይበቃ ነበር» ይላሉ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በ1984 ዓ.ም. ወደ አንድ የፊልም ድርጅት ተዛውረው ከአንድ ዳይሬክተር ጋር ስድስት ዘጋቢ ፊልሞችን ሠሩ። ዳይሬክተሩን በዚህ ጽሑፍ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። የሥራ ክፍላቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ጠባብ ክፍል ነበር። ስልሳ ሰባ ሰዓት ጥሬ ቀረጻ ሲቀርብላቸው በመጀመሪያ እስክሪብቶ ሳይነኩ ሁሉንም ያዩታል። በሁለተኛው ዙር ካርድ ያወጣሉ። በካርዱ ፊት ጥያቄውን፣ በጀርባው መልሱን ይጽፋሉ፤ ከዚያ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰቅሉታል። የፊልሙን ቅደም ተከተል የሚያገኙት እነዚያን ካርዶች ለሳምንታት ከወዲህ ወዲያ እያዘዋወሩ ነው። መሃሉ መጀመሪያ ይሆናል፤ መጀመሪያ የነበረው ይጣላል፤ ዳይሬክተሩ የሚወደው ትዕይንት ብዙ ጊዜ ቅርጫት ውስጥ ይገኛል። ጥያቄና መልስ ለምን በአንድ ካርድ እንደሚጽፉ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ምን እንደተጠየቀ ሳታውቅ በመለሰው ሰው ላይ እንዳትፈርድ» አሉኝ። ያን ጊዜ የሙያ ጉዳይ መስሎኝ አለፍኩት።

በ2003 ዓ.ም. ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በአንድ የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሳ። የኋላው በር ተቆልፎ ስለነበር አሥራ አንድ ሴቶች እዚያው በሩ ሥር ሞቱ። ድርጅቱ ስለዚህ አደጋ ፊልም ጀመረ። ባለቤታቸው ድምፁን ቀዱ፤ እህታችን ፊልሙን ሊያዋቅሩ ተቀመጡ። ከተጠያቂዎቹ አንዱ የፋብሪካው ዘበኛ ነበሩ። «የብስክሌት ማቆሚያውን ማነው የሚቆልፈው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እኔ ነኝ የምቆልፈው» አሉ። ቆየት ብሎ «የኋላውን በርስ ማን ቆለፈው?» ተባሉ። መልሳቸው ይህ ነበር፦ «የሱ ቁልፍ እኔ ጋ ኖሮ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ኪስ ነው ያለው። በሥራ ሰዓት ክፍት ይሁን ብዬ ሁለቴ ለምኛቸዋለሁ።»

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ከሥራ አስኪያጁ ጠበቃ ደብዳቤ መጣ። ዳይሬክተሩ ፈራ። ኪስ የሚለው መልስ ለጊዜው ይውጣ ብሎ ለመናቸው። እህታችን በሙያቸው የሠሩት አንድ ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ እንዳልደብቀው አስምለውኛል። መልሱን አወጡ፤ ጥያቄውን ግን ተዉት። «የኋላውን በርስ ማን ቆለፈው?» ከሚለው ድምፅ በኋላ የተቃጠለውን በር ያለ አንድ ቃል አሥር ሰከንድ አሳዩ። ያማረ ነበር፤ ማማሩ አታለላቸው። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያ ልጃቸው ልትወልድ ስለነበር ሊያርሷት ሄዱ። ሲመለሱ ክፍላቸው በአዲስ ቁልፍ ተቆልፎ፣ ፊልሙም አልቋል ተብሎ ጠበቃቸው።

የሆነውን ያወቁት በ2005 ዓ.ም. በምረቃው ዕለት፣ አዳራሽ ውስጥ ከሕዝብ ጋር ተቀምጠው ነው። ጥያቄው መጣ። የተቃጠለው በር መጣ። ከዚያ ባዶው ቦታ ላይ የዘበኛው ፊት መጣና «እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እኔ ነኝ የምቆልፈው» አለ። የብስክሌቱ መልስ የአሥራ አንድ ሴቶች ሞት መልስ ሆነ። ዘበኛው ተጋብዘው፣ የተዋሱትን ኮት ለብሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። መጨረሻ ላይ የአርታኢነቱን ቦታ የያዘው የእህታችን ስም ነበር።

እህታችን ያኔውኑ መድረኩ ሥር ሄደው ዳይሬክተሩን ያዙት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። «ምን አደረግክ?» አሉት። «ፊልሙ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ እንዲያው በሩን ብቻ አሳይተን ሰውን ወደ ቤቱ አንመልስም» አላቸው። «ቁልፉ የነበረበትን ኪስ ታውቃለህ!» ሲሉት፣ «ኪሱ ጠበቃ አለው» ብሎ ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ እኔም አልረሳኋትም። ሥራ አስኪያጁ ጠበቃ ነበረው፤ ዘበኛው የነበራቸው ፊሽካ ብቻ ነው። እህታችን በማግስቱ ሥራቸውን ለቀቁ። ስሜ ይውጣ ብለው ጻፉ፤ አልወጣም።

ዘበኛው በወሩ ከሥራ ተባረሩ። ጎረቤት ሰላምታ ነሳቸው። የሟች ቤተሰቦች በር ድረስ መጥተው ተፉባቸው፤ በእነሱም አልፈርድም፣ ያዩትን ነው ያመኑት። ልጃቸው ትምህርት ቤት «የቆላፊው ልጅ» ተባለች። እህታችን ቤታቸው ሄደው ይቅርታ ሲጠይቁ «እትዬ፣ እኔኮ የብስክሌቱን ነው የተናገርኩት። እርስዎ ያውቃሉ አይደል?» አሏቸው። «አውቃለሁ። ቀዳዳውን የተውኩላቸው እኔ ነኝ» አሉ እህታችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ፊልም አልሠሩም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አደረ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አደረ። እህታችን ጥሬ ቀረጻውን እንዲሰጧቸው ድርጅቱን ሰባት ዓመት ደጅ ጠኑ። አንዴ የመጋዘኑ ኃላፊ የለም፣ አንዴ ቀረጻው ተበላሽቷል፣ አንዴ ደግሞ እርስዎ ማን ነዎት ተባሉ። እኔም በድዬአቸዋለሁ። «እታለም፣ ሰው ረስቶታል፤ ተይው» አልኳቸው። «ሰው ረስቶታል፤ ሰውየው አልረሳውም» አሉኝና አንድ ወር አላናገሩኝም።

በመጨረሻ ወደ ባለቤታቸው የካሴት ሣጥኖች ዞሩ። ባለቤታቸው ከየሥራው ለራሳቸው የሚያስቀሩት የድምፅ ቅጂ አለ፤ ከሰባት መቶ በላይ ካሴት። ነገር ግን በንግግር ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ቁጥብ ስለሆኑ አንዱም ላይ ምን እንደሆነ አልተጻፈበትም። ባልና ሚስት ከቁርስ በኋላ ተቀምጠው አንድ በአንድ አዳመጡ፤ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። በ2015 ዓ.ም. የዘበኛው ድምፅ ተገኘ። ጥያቄውም መልሱም፣ ሳይነካ፣ አራት ደቂቃ። እህታችን ያን ቀን ሲያለቅሱ አየኋቸው፤ እናታችን ሲሞቱ እንኳ እንደዚያ አላለቀሱም። ቅጂውን ለድርጅቱና ለጣቢያዎች ላኩ። የመለሰ የለም።

በዚያው ዓመት የጉበት ሕመም ያዛቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት አረፉ።

ትናንት ከፊልም ድርጅቱ የአበባ ጉንጉንና አንድ መልእክተኛ መጣ። የ2005ቱ ነገር እንዳይነሳ ለመነኝ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው አለኝ። የሰረቀው ማን እንደሆነ ግን ሳይነግረኝ ሄደ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው፤ እኔ የምወቅሰው በሕይወት ያለውን፣ በእግሩ መጥቶ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ነው። ስለዚህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እላለሁ፦ የኋላውን በር ዘበኛው አልቆለፉም።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። የፈረደባቸው ሁሉ እንዲያያቸው ዘበኛው ከነልጃቸው ከቤተሰቡ ጋር እንዲቀመጡ ያዘዙት እህታችን ናቸው፤ ተቀምጠዋል። ለነፍሳቸው ፈጣሪ በምድር ያጡትን ዕረፍት ይስጥልን፤ ሐዘናችንን ልትካፈሉ ለመጣችሁ ሁሉ እግዜር ያክብርልን።

ከዚህ ንባብ በኋላ ሙዚቃ አይኖርም። በእህታችን ትእዛዝ የዘበኛው ድምፅ ከነጥያቄው ይሰማል፤ አራት ደቂቃ ነው፣ አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ዳይሬክተሩም ሆነ ሌላ መስማት የማይፈልግ ካለ መውጣት ይችላል፤ በሩ አልተቆለፈም።