ከሻሼ ሥር ያለችው ማሽን

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ። ሰመራ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ምሳ አልቋል። ሹፌሮቹ ዳሱ ሥር ተጋድመዋል። እኔ ባንኮኒው ጋ ሆኜ የጓሮውን በር አያለሁ። ሰይድና ሀዋ እዚያ ቆመዋል። እሱ ስልኩን ይዟል፣ እሷ ጆሮው ሥር ገብታ ታንሾካሹካለች። እሱ ባሌ ነው። እሷን ደግሞ ከባቲ ለአስተናጋጅነት ያመጣኋት እኔው ራሴ ነኝ! ብቅ ስል ዝም አሉ። ምንድን ነው? ብዬ ጠየቅኩ። ምንም፣ ያለኝ መሰለኝ። ከንፈሩ እንደዚያ ነው የሚለው።

አንተ ማስታወሻዬ፣ ሳይጮህብኝ የሚያወራኝ አንተ ብቻ ቀረህ። ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ሰው ወይ ይጮህብኛል ወይ ይተወኛል።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

ከድር ከጅቡቲ የመስሚያ ማሽን አመጣልኝ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ የቆየ ደንበኛችን። ትንሽዬ ናት፣ ከጆሮ ኋላ ትንጠለጠላለች። ቢስሚላህ ብዬ አደረግኳት። ያ ረቢ! ቬንትሌተሩ አውሎ ነፋስ ሆነ። ሳህን ሲጋጭ ጥርሴን አመመኝ። የተሳቢው ጡሩምባ እንባዬን አመጣው። የሰው ንግግር ግን ያው ጉምጉምታ፣ ጮክ ያለ ጉምጉምታ ነው። ከድር እየሳቀ ትለምጃታለሽ አለ። ምን ያስቀዋል? እሱም የሚያውቀው ነገር አለ?

ግንቦት 7፣ ጁምዓ። ከዐሱር በኋላ

ሰማሁ።

ሰይድ ጓሮ ቆሞ ለጎረቤታችን ለመሐመድ ያወራል። ማሽኗን አድርጌ ከበሩ ኋላ ተለጠፍኩ። ቃሉ ተቆራርጦ ነው የመጣው፣ ግን መጣ። "አርጅታለች... ጩኸቷ አላስቀምጥ አለኝ... እስከ መቼ እችላለሁ? ልፈታት ነው።"

አርጅታለች! ጩኸቷ! እውነት ነው፣ ሳወራ እጮሃለሁ። ራሴን አልሰማማ! ከኮምቦልቻ ተከትዬው መጥቼ፣ በዚህ ሐሩር አብሬው ቆርቆሮ መትቼ፣ ምግብ ቤቱን አቁሜ... ልፈታት ነው? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። መሐመድም ትክክል ነህ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። መሐመድ አፋር ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ዳጉውን ሳይነግር አያልፍም፣ ያየውንም የሰማውንም አንድ ሳያስቀር። ነገ ዲቾቶ ይሰማል፣ ከነገ ወዲያ አፋምቦ። ተፈቺዋ እኔ፣ መጨረሻ የምሰማውም እኔ።

ግንቦት 9፣ እሑድ

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ለቁርስ መጣች። የጅቡቲዋን ማሽን አሳየኋት። ለአንቺ ጆሮ አልተሠራችም አለች። አዋሽ ላይ ጆሮ መርምረው ለየሰዉ የሚስማማውን መስሚያ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች መጥተዋል፣ እስከ ረቡዕ አሉ፣ ሂጂ አለችኝ። ሰው ሁሉ ስለ እኔ ጆሮ ምን አስጨነቀው?

ቢሆንም እሄዳለሁ። ከመፈታቴ በፊት ነገሩን ጥርት አድርጌ መስማት አለብኝ። ለሰይድ አዋሽ አራስ ልጠይቅ ነው አልኩት። ቶሎ እሺ አለ። በጣም ቶሎ።

ግንቦት 11፣ ማክሰኞ። አዋሽ

ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት፣ እትዬ ትለኛለች። ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም። ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? ሥራ ቦታዎ ሙቀቱ፣ ላቡ፣ ጫጫታው እንዴት ነው? ብዙ ሰው ይመጣል? እዚህ ላይ ነቃሁ። ይቺ የገቢዎች ሰው ናት! ኧረ ሰውም የለ፣ አልፎ አልፎ ነው አልኳት። ሳቀች። መስሚያውን ለጆሮዎም ለኑሮዎም ልክ ላደርገው ነው የምጠይቅዎት፣ ጫማም ቢሆን የሌላ ሰው አይሆንም አለች።

ድምፅ እያሰማች ጣቴን አስነሣችኝ። ወፍራሙን እሰማለሁ፣ ቀጭኑ ያመልጠኛል። ሰ፣ ሸ፣ ፈ የሚሉት ፊደሎች ጠፍተውብኛል ማለት ነው። የጅቡቲዋ ሁሉን እኩል ስለምታጮህ ነው ለካ የተሳቢው ጡሩምባ የገደለኝ። ከዚያ ለጆሮዬ የሚሆን ጫፍ መረጠች፣ በኮምፒውተር ነካካች፣ አደረገችልኝ። በቀስታ ስሜን ጠራች። ዘይነባ። ጥርት ብሎ ገባልኝ። አለቀስኩ፣ ምን እዋሽሃለሁ።

ቀጥላ ስለ ባትሪ ነገረችኝ። ባትሪው ሲያልቅስ የት ይገኛል? አልኩ። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው ብዬ። ጭራሽ አንድ ከረጢት ሙሉ ባትሪ በነፃ አስታቀፈችኝ። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቦታ፣ ከአንድ ሰው ጋር ይልመዱት። ማታ አውልቀው ከላብ ያድርቁት። ቤተሰብዎ ፊት ለፊት ሆኖ እንዲያናግርዎት ይንገሩ አለችኝ። እሺ አልኳት።

አልነግራቸውም።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ። ሰመራ

ሻሼን ዝቅ አድርጌ አሰርኩ። ማሽኗ አትታይም። ሰይድ እንኳን ደህና ገባሽ ብሎ ሲጮህ ጆሮዬ ሊፈነዳ። ምን አልክ? አልኩት። ደንቆሮ መስሎ መስማት! እንዲህ ያለ ሥልጣን አይቼ አላውቅም።

ስሰልል ዋልኩ። ከድር ወጤን ያማል፤ ፊቴ ላይ ማሻአላህ የሚለው ከድር። ሀዋ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፣ ድምፅዋ መጥፎ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የፍቺ ወሬ ግን እስካሁን የለም።

ግንቦት 14፣ ጁምዓ

መካኒክ መጣ። መብራት ሲጠፋ የምናስነሣት ጄኔሬተር ጓሮ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተበትናለች። ሰይድ ሲነግረው ሰማሁ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። አርጅታለች፣ ጩኸቷ ደንበኛ አባረረ፣ ባለፈው ራሴ ልፈታት ብዬ ብሎኑ አልታየኝ አለ።

ጄኔሬተሯን! የሚፈታው ጄኔሬተሯን ነው! ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ማስታወሻዬ፣ ጉዴን ያወቅከው አንተ ብቻ ነህ።

ቆይ ግን። ሰይድ እኮ ይቺን ጄኔሬተር በጨለማ የሚፈታ ሰው ነው። ብሎን እንዴት አይታየውም? ከሀዋስ ጋር ያ ሁሉ ሹክሹክታ? አሁንም ነገር አለ።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ። ጧት

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ። ሰይድ ገባ። ከኋላዬ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ በቀስታ ማውራት ጀመረ። ሀዋ ያለች መስሎኝ በጎን አየሁ። የለችም። የሚያወራው ለእኔ ነው። ለጀርባዬ። እንደለመደ ሰው ነው የሚያወራው። ስንት ጊዜ እንዲህ ሲያወራኝ ኖሯል?

"ዘይኑ፣ ዛሬም ብሶብኛል። ሰው የምለየው በድምፁ ሆኗል። ሀዋ ስልኬን ስታነብልኝ ታያለሽ፣ ትቆጫለሽ። ልነግርሽ እፈልጋለሁ። በቀስታ ብነግርሽ አትሰሚኝ፣ ጮክ ብዬ ብነግርሽ ሹፌሩ ሁሉ ይሰማል። ዓይኔ እየጠፋ ነው ተብሎ እንዴት ይጮሃል?"

ቢላው እጄ ላይ ቀረ። አልዞርኩም። አፍሬ ነው። ባሌን ስሰልል እንዳልያዝ። እሱ ተነሣ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ሽንኩርቱ በቃን! ብሎ ጮኸና ወጣ። ሲወጣ በእጁ ግድግዳውን ዳበሰ።

ያው ቀን። 9 ሰ.

የሀዋ እንጉርጉሮ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አሁንም አይጥመኝም። ግን ዓይን ሆናዋለች፣ እኔ በቅናት ስቃጠል። አዋሽ ላይ ዓይንም የሚመረምሩ ይኖሩ ይሆን? ሲስተርን ልጠይቃት። ግን መጀመሪያ ለእሱ መንገር አለብኝ። ሰምታኝ ኖሯል ብሎ ቢቀየመኝስ? እንዲያ ለጀርባዬ የሚያወራውን ዳግም ባያወራኝስ? ይቀየመኝ። ብቻውን በጨለማ አልተወውም።

ገባ። በርጩማው ሲጎተት ሰማሁት። ዘይኑ አለ፣ በቀስታ።

ሻሼን ከጆሮዬ ላይ ገለጥኩ። አሁን እዞራለሁ፣ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሰይድ፣ እሰማሃለሁ እለዋለሁ።