ከባለቤቴ ጎን ስላለው ቦታና ከሰርቨርዎ ስለጠፋው በረኛ

ለተከበሩ የከተማችን መካነ መቃብር አስተዳደር የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ቤተሰብዎስ፣ ወንበርዎስ ደህና ናቸው? የእኔን ከጠየቁ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ መላጊያ አሁንም እገፋለሁ፣ ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ማንንም ሳልደገፍ እወጣለሁ፣ ፊደልም በስተርጅና የቆጠርኩ አናጺ ብሆንም ይህን ደብዳቤ ያለ ማንም እርዳታ እየጻፍኩ ነው። ያቃተኝ ነገር ቢኖር የእርስዎን ድረ ገጽ መክፈት ብቻ ነው፤ እሱንስ እርስዎም ስላልቻሉት አላፍርበትም።

ጉዳዬ አጭር ነው። ባለቤቴ እርስዎ ዘንድ አርፋለች። ከጎኗ፣ በመንገዱ በኩል ያለው ቦታ ለእኔ ተይዟል። ትዳራችንን በሙሉ እሷ በግድግዳው፣ እኔ በበሩ በኩል ስንተኛ ኖረናልና ወገን መቀየር የሚታሰብ አይደለም። መሥሪያ ቤትዎ ግን ቦታውን እስከዚህ ወር መጨረሻ በድረ ገጹ ገብቶ ያላረጋገጠ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ፤ በዚያው ቀን ደግሞ የአገልግሎት መስኮቱን ዘጋው። ልጄና ምራቴ እኛ እንሙላልህ ብለው ለምነውኛል። እሷ የተቀበረች ጊዜ ሁሉን የጨረሱልኝ ሌሎች ናቸው፤ ይሄኛውን ግን እኔው እሞላዋለሁ። ግትር ሽማግሌ ነው ካሉ አልተሳሳቱም፤ ሟችም ትል የነበረው ይህንኑ ነው።

አንደኛ፣ በዚህ ዕድሜዬ ትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ገጹን ስነካው አንዲት ክብ መዞር ትጀምራለች፤ እሷ ስትዞር እኔ ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን አጥቤ ስመለስ አገልጋዩ ሥራ ስለበዛበት ቆይተው ይሞክሩ የሚል ጽሑፍ ይጠብቀኛል።

ሁለተኛ፣ በእግሬ ብመጣ ባለሙያዎ በትሕትና ተቀብሎ ስክሪኑን አሳየኝ። ገጹን የያዘው ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ በተነሣ ቁጥር ማጣሪያውን ማስነሣት አልተቻለም፣ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ የለም እያለ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ይሄ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ አባባ አይጨነቁ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ ስሕተት አይደለም አለኝ። መሰላሉ ሲንቋቋ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው ብሎ የወጣ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ አድራሻው አሁን እርስዎ ጋ ነው።

ሦስተኛ፣ ምራቴ በዚሁ ሙያ እንጀራዋን ስለምትበላ ነገሩን አስረዳችኝ። ከርነል የሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው አሉ፤ ሞጁሎቹ ደግሞ እንደ ቁም ሳጥን መሳቢያ እየገቡ የሚወጡ ክፍሎቹ ናቸው። የጠፋው ሞጁል፣ ያ ማጣሪያ የተባለው፣ በረኛው ነው፤ መጪውን ሰው ጉዳዩን ተናግሮ እስኪጨርስ ደጅ ያቆየዋል፣ ሲጨርስ ያስገባዋል። ክፍልዎ አዲሱን ማሽን ሲያስገባ እንዲቀለው ብሎ የማያውቀውን ሁሉ አራገፈ፤ በረኛውም አብሮ ተራገፈ። አሁን መጪው ሁሉ ዘው ብሎ ይገባል፣ ወንበር ይይዛል፣ ምንም ሳይናገር ይቀመጣል፤ ጉዳይ ያለው ደጅ ይቀራል። ምራቴ ይሄማ ስብሰባ ነው ብላ ሳቀች። እርስዎን ስለማታውቅዎ ነውና ይቅር ይበሏት።

አራተኛ፣ ምራቴ በስልክ ስትነግረው ባለሙያዎ ሞጁሉን እዚያው በእጁ አስገባው። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፣ ገጹም ወለል ብሎ ተከፈተ። እኔም በአንድ ጣቴ ስሜን ለቅሜ ለቅሜ ጽፌ የሷን ስም ስጀምር መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ በረኛውን ረስቶታል። ለካ ሲነሣ በሚያነበው ፋይል ላይ አንዲት መስመር ካልተጻፈችለት ሁልጊዜም ይረሳዋል። ሞጁሉን ዳግም በእጅ ለማስገባትም ሆነ ያንን ፋይል ለመንካት ደግሞ አሁን የኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ሥልጠና ላይ ነዎት። ሥልጠናው ስለ ፈጣን አገልግሎት ነው ቢሉኝ እኔ አላመንኩም፤ ስምዎን ሊያጠፉ ነው ብዬ ተቆጣኋቸው።

አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። ከሥልጠናው ሆነው ማስጠንቀቂያው ከእንግዲህ ስክሪን ላይ እንዳይታይ አዘዙ። ትእዛዝዎ ተፈጸመ። ስክሪኑ ጸዳ፣ ችግሩ ተፈታ ተባለ፣ ክፍልዎም ተመሰገነ። ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ በሽተኛው ሁሉ አፉን ታስሮ፣ ድኗል ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኝ ነበር።

እንግዲህ የምለምንዎ አንዲት መስመር ነው። ካልሆነም ባለሙያዎን ጻፍ ይበሉት፤ እጁ ዝግጁ ነው፣ የጎደለው የእርስዎ ቃል ነው።

እኔ እንደሆነ ቶሎ የመሄድ ሐሳብ የለኝም። በገዛ እጄ የምከፍለው ዕዳ አለብኝ። ለጎረቤቴ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያብጥባትን በሯን ላስተካክልላት ቃል ሰጥቻለሁ። ለልጄ ለሠርጉ ያልኩት ቁም ሳጥን የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ገብተውም ገና እግር የለውም። ለምራቴ ፊት ለፊት ያልነገርኳት ምስጋና አለ። ለባለቤቴ ደግሞ ቶሎ እመጣለሁ ብዬ የዘገየሁበት አለብኝ፤ መዘግየቱን ይቅር ትለኛለች፤ በቦታዬ የማታውቀው ሰው ቢመጣባት ግን በእርስዎና በእሷ መካከል ገብቼ አላማልድም።

ከዚያች ክብ ጋር አብሮ መዞር የሰለቸው፣ ሥልጠናዎ በሰላም አልቆ ወደ ወንበርዎ እንዲመለሱ ከልቡ የሚመኝ፣
አክባሪዎ አናጺው

ከፊርማው በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለሙያዎ እንደነገረኝ ከእኔ ቦታ ቀጥሎ፣ በሌላው ጎኔ ያለው ገና ባለቤት አልተገኘለትም። እርስዎ ቢወስዱት ደስታዬ ነው። የቀሩኝ ብዙ ቅሬታዎች አሉ፤ እዚያ ደግሞ ሥልጠና ላይ ናቸው የሚልልዎ ሰው አይኖርም።